የማሽን ቡና ጣዕም ከየት መጣ?

ስለ ቡና ክርክር ሲነሳ ብዙውን ጊዜ የሚነሳው ስለ ፍሬው ነው። አንዱ የሐረርን ያወድሳል፣ ሌላው ይርጋጨፌን ያስቀድማል፣ የጅማ ልጅ ደግሞ አገሩን አያስነካም። የታጠበው ይሻላል ያልታጠበው፣ የዘንድሮ ነው የከረመ እየተባለ ሲኒው ባዶ እስኪሆን ይወራል። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ዳሩ ግን ካፌ ገብተን የማሽን ቡና ስናዝ ከፍሬው ሌላ አንድ አዛዥ አለ፤ እሱም ማሽኑ ነው። ከአንድ ጆንያ የተዘገነ፣ በአንድ ምጣድ የተቆላ ቡና በጀበና ሲፈላ ሌላ፣ በማሽን ሲወርድ ሌላ ጣዕም ይሰጣል። አበው "ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ" ያሉት ያለ ምክንያት አይደለም።

በእኛ መካከል "የማሽን ቡና እኮ ያረረ ነው" የሚል አለ። "የጀበና ቡና ለወሬ እንጂ ለጣዕም አይደለም" የሚልም አይጠፋም። ሁለቱም ወገኖች ግን የሚከራከሩት የማሽን ቡና ጣዕም እንደ ተራራና እንደ ወንዝ ከፍጥረት ጀምሮ እንዲያ ሆኖ የተቀመጠ ነገር እንደሆነ አድርገው ነው። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ ከዚህ ይለያል። ጣዕምም ታሪክ አለው። በትንሿ ሲኒ ውስጥ የምናገኘው ምሬት፣ ውፍረትና ወርቃማ አረፋ በተወሰኑ ከተሞች፣ በተወሰኑ ዓመታት፣ የተወሰኑ ሰዎች የተወሰነ ችግር ለመፍታት ሲሉ ያመጡት ነው። ችግሩም በመጀመሪያ የጣዕም አልነበረም፤ የጊዜና የገበያ ነበር። ይህን ካየን በኋላ "ጥሩ ቡና ማለት ይህ ነው" የሚለውን ሕግ ማን እንዳወጣው መጠየቅ እንችላለን። (በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

፩. የቸኮለው ከተማ

ነገሩ የሚጀምረው በሰሜን ጣሊያን ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማገባደጃ ላይ ቶሪኖና ሚላኖ ፋብሪካ የሚስፋፋባቸው፣ ባቡር የሚገባና የሚወጣባቸው ከተሞች ሆነው ነበር። ቡና ቤቶቻቸው ሞልተዋል፤ ቡናው ግን ቶሎ አይደርስም። ቡና አፍልቶ፣ አስክኖ ወይም አጥልሎ ለማቅረብ ደቂቃዎች ይፈጃል። ቀድሞ ተፈልቶ በትልቅ ዕቃ ከተቀመጠ ደግሞ ይከርምና ጣዕሙ ይሞታል። ባለ ቡና ቤቱ ከሁለት አንዱን መምረጥ ነበረበት፤ ወይ ደንበኛውን ያስጠብቃል፣ ወይ የከረመ ቡና ያጠጣል።

የዘመኑ መድኃኒት ደግሞ እንፋሎት ነበር። ባቡሩን የሚጎትተው እሱ፣ ፋብሪካውን የሚያሽከረክረው እሱ። ታዲያ ቡናውንስ ለምን አይገፋውም?

በ1884 አንጄሎ ሞሪዮንዶ የሚባል የቶሪኖ ሰው በእንፋሎትና በፈላ ውሃ ቡና በፍጥነት የሚያወጣ መሣሪያ ሠርቶ በዚያው ዓመት በከተማው በተካሄደው ኤግዚቢሽን ላይ አሳየ፤ የፈጠራ መብቱንም አስመዘገበ። ሰውየው ባለ ሆቴልና ባለ ቡና ቤት ነበር፤ የተጠባቂ ደንበኛን ፊት ጠንቅቆ ያውቃል ማለት ነው። መሣሪያው ግን ለብዙ ሰው በጅምላ የሚያወጣ እንጂ ለአንድ ሰው አንድ ሲኒ የሚቀዳ አልነበረም። ሞሪዮንዶም ለራሱ ቤቶች ተጠቀመበት እንጂ አምርቶ ለገበያ አላወጣውም።

ለአንድ ሰው አንድ ሲኒ የሚለውን ሐሳብ ያመጣው የሚላኖው ሉዊጂ ቤዜራ ነው። በ1901 ባስመዘገበው መሣሪያ የተፈጨው ቡና እጀታ ባለው ትንሽ ማጣሪያ ውስጥ ይገባና ከማሽኑ አፍ ጋር ይገጠማል፤ ከቦይለሩ የሚመጣው ውሃ በእንፋሎት ተገፍቶ ዱቄቱን ሰንጥቆ በቀጥታ ሲኒው ላይ ይወርዳል። ዛሬ ካፌ ውስጥ ባሪስታው ጠረጴዛ ላይ ጧ እያደረገ አተላውን የሚያራግፈው ያ እጀታ የዚህ ፈጠራ ልጅ ነው። ቤዜራ ግን የገንዘብ አቅም አልነበረውም። መብቱን ዴዚዴሪዮ ፓቮኒ የተባለ ሌላ የሚላኖ ሰው ገዛውና ከ1905 ጀምሮ በስሙ ያመርተው ገባ። በ1906 በሚላኖ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ ማሽኑ ለሕዝብ ቀረበ።

"ኤስፕሬሶ" የሚለውም ስም ከዚህ ዘመን ጋር የተቆራኘ ነው። ቃሉ በጣሊያንኛ ብዙ ትርጉም ይይዛል፤ ፈጣን ማለት ነው፣ ተጨምቆ የወጣ ማለት ነው፣ ለጠየቀው ሰው ተብሎ በዚያው ሰዓት የተሠራ ማለትም ነው። ፈጣን ባቡርም ኤስፕሬሶ ይባላል። በ1922 ሊዮኔቶ ካፒዬሎ ለቪክቶሪያ አርዱዊኖ ማሽን የሠራው ዝነኛ የማስታወቂያ ሥዕል ይህን በአንድ እይታ ይናገራል፤ በሚበር ባቡር ላይ ያለ ሰው ከመስኮት ተንጠልጥሎ ከማሽኑ ሲኒ ቡና ይቀዳል። ማስታወቂያው የሚሸጠው ፍጥነትን ነው።

፪. እንፋሎቱ ያሳረረው

አሁን ወደ ጣዕሙ እንምጣ። እነዚህ የመጀመሪያዎቹ ማሽኖች ቁመታቸው ረጅም፣ አናታቸው ላይ የንስር ምስል ወይም ጉልላት የተተከለባቸው፣ በናስ የሚያብረቀርቁ ነበሩ። ሲያዩአቸው ቤተ መንግሥት ይመስላሉ። ሲኒው ውስጥ የሚወርደው ግን ዛሬ ኤስፕሬሶ የምንለው አልነበረም። ጥቁር፣ ቀጭን፣ አረፋ የሌለውና ምሬት የበዛበት ቡና ነበር።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። የእንፋሎት ግፊት ብቻውን ደካማ ነው፤ ማሽኖቹ ይሠሩ የነበረው በ1.5 ባር ገደማ ነበር። ግፊቱን ለመጨመር ከተፈለገ ደግሞ ውሃውን ይበልጥ ማሞቅ የግድ ይሆናል፤ በተዘጋ ቦይለር ውስጥ ግፊትና ትኩሳት እጅና ጓንት ናቸውና። ስለዚህ ውሃው ከ100 ዲግሪ በላይ ሆኖ ይመጣል፤ አልፎ አልፎም እንፋሎቱ ራሱ ቡናው ላይ ይነፋል። ያን ያህል የጋለ ውሃ ከቡናው ውስጥ ጣፋጩንና መዓዛውን ብቻ አይወስድም፤ መራራውንና የሚያንቀውን ሁሉ ጎትቶ ያወጣል። ግፊቱ ሲያንስ ደግሞ ቡናውን በጣም አልሞ መፍጨት አይቻልም፤ ውሃው ማለፍ ያቅተዋል። እንግዲህ ትኩሳቱ በዝቶ፣ ግፊቱ አንሶ፣ ዱቄቱ ሻካራ ሆኖ የሚወጣው ቡና ምን ሊሆን ይችላል? የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይህ ነው።

የሚገርመው ግን ሰው ለመደው። ለአርባ ዓመት ያህል የጣሊያን ከተማ ሕዝብ ይህን ያረረ ጣዕም "የቡና ቤት ቡና" ብሎ ጠጣው። ሰው የሚጠጣውን ይመርጣል ብቻ ሳይሆን የተሰጠውንም መምረጥ ይማራል። "የማሽን ቡና ያረረ ነው" የሚለው የዛሬ ወቀሳ ለእነዚያ ማሽኖች ቢሆን ኖሮ ሙሉ በሙሉ እውነት ነበር።

በ1933 አልፎንሶ ቢያሌቲ የሠራው ሞካ የሚባለው የአሉሚኒየም ማፍያም በዚሁ በእንፋሎት ሕግ የሚሠራ ነው። በምድጃ ላይ ተቀምጦ ከታች ያለው ውሃ ሲሞቅ እንፋሎቱ ወደ ላይ ይገፋዋል። ጠንካራና ደስ የሚል ቡና ያወጣል፤ ኤስፕሬሶ ግን አይደለም። ግፊቱ አይደርስማ። ስሙን ያገኘው ከየመኑ የሞካ ወደብ ነው፤ ያ ወደብ ደግሞ የቡና ንግድ ለብዙ ዘመን ወደ ዓለም የወጣበት በር ነበር።

፫. ከእንፋሎት ለመላቀቅ

ችግሩ የገባቸው ሰዎች ጥያቄውን እንዲህ አድርገው አስቀመጡት፦ ግፊቱን ከትኩሳቱ መነጠል ይቻላል ወይ? ውሃው ሳይንተከተክ በኃይል የሚገፋው ሌላ ነገር ምንድን ነው?

አንዱ መልስ ከትሪዬስቴ መጣ። በዚያ ይኖር የነበረው ፍራንቼስኮ ኢሊ በ1935 በእንፋሎት ፈንታ በታመቀ አየር የሚገፋ ማሽን ሠራ። በዚያው በ1935 ዓመት የሙሶሊኒ ጦር ኢትዮጵያን ወረረ። የመንግሥታቱ ማኅበር በጣሊያን ላይ ማዕቀብ ጣለ፤ የፋሺስቱ መንግሥትም "ከውጭ አንሻም፣ ራሳችንን እንችላለን" የሚል ዘመቻ አካሄደ። ቡና ከውጭ የሚገባ ዕቃ ነውና እየተወደደና እየጠፋ ሄደ፤ በተለይ ጦርነቱ ሲብስ ብዙ ጣሊያናዊ የተቆላ ገብስና ቺኮሪ እያፈላ ቡና ነው ብሎ ጠጣ። የቡናን አገር የወረረ መንግሥት ሕዝቡን ገብስ አጠጣው ማለት ነው። የታሪክ ምፀት ከዚህ በላይ የት ይገኛል?

ሁለተኛውና ዓለምን የለወጠው መልስ የመጣው ከሚላኖ ነው። አኪሌ ጋጂያ የተባለ ባለ ቡና ቤት በ1938 ያለ እንፋሎት የሚሠራ መሣሪያ አስመዘገበ። ከዚያ ጦርነቱ መጣና ሥራው ተጓተተ። ከጦርነቱ በኋላ በ1947 ያሻሻለውን ሥራ አስመዘገበ፤ በ1948 ማምረት ጀመረ። ይህ ማሽን ዋና ነገሩ ማንሻ፣ ፒስቶንና ሞላ ነው። ባሪስታው ረጅሙን ማንሻ ወደ ታች ሲስብ ሞላው ይታመቃል፣ ፒስቶኑ ወደ ላይ ይወጣል፣ ሙቅ ውሃም ከፒስቶኑ ሥር ይገባል። ማንሻውን ሲለቀው ሞላው ቀስ ብሎ ይዘረጋና ፒስቶኑን ወደ ታች ይገፋል፤ ፒስቶኑ ውሃውን፣ ውሃው ቡናውን። ግፊቱ ከ1.5 ወደ 8 እና 9 ባር ዘለለ። ዘጠኝ ባር ማለት በ1 ስኩዌር ሳንቲሜትር ላይ 9 ኪሎ ያህል መጫን ነው፤ 90 ሜትር ጥልቀት ባለው ባሕር ሥር እንዳለው ግፊት ማለት ነው። ትኩሳቱ ደግሞ በተቃራኒው ቀነሰ። ውሃው በወፍራሙ ብረት ውስጥ ሲያልፍ ይበርዳል፤ እንፋሎትም ቡናውን አይነካውም።

በእንዲህ ያለ ግፊት ቡናውን እንደ ልብ አልሞ መፍጨት ተቻለ። ሲኒውም አነሰ፤ ምክንያቱም ከፒስቶኑ ሥር የሚገባው ውሃ የተወሰነ ነው። ዛሬ "ኤስፕሬሶ ለምን ጥቂት ሆነ?" ብለን ስንጠይቅ ከመልሱ አንዱ ይህ የብረት ቱቦ ስፋት ነው።

አዲስ ነገርም ታየ። በቡናው ፊት ላይ ወርቃማ፣ ወፈር ያለ አረፋ ተንሳፈፈ። የተቆላ ቡና በውስጡ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይይዛል፤ በከፍተኛ ግፊት ጊዜ ጋዙ ውሃው ውስጥ ይሟሟል፣ ውሃው ሲኒው ላይ ሲወርድና ግፊቱ ሲለቀው ደግሞ በጥቃቅን አረፋ መልክ ይወጣል። ግፊቱ የቡናውንም ዘይት በጥቃቅኑ በትኖ ከውሃው ጋር ያዋህደዋል። አረፋው ቶሎ የማይጠፋው፣ ቡናውም በምላስ ላይ ወፈር የሚለው በእነዚህ ምክንያቶች ነው። በጀበናም ሆነ በእንፋሎት ማሽን ይህ አይገኝም።

በመጀመሪያ ደንበኞች ተጠራጠሩ ይባላል። ቡና ላይ የተንሳፈፈ ነገር ያዩ ሰዎች "ይህ ምን ዝባዝንኬ ነው?" ቢሉ አይፈረድባቸውም። ጋጂያ ግን ነጋዴ ነበር። አረፋውን የቡና ክሬም ነው ብሎ ሰየመውና በማሽኑ ላይ ጽፎ ለጠፈው፤ ያለ እንፋሎት የሚሠራ መሆኑንም አብሮ አስነገረ። ጉድፍ የመሰለው ነገር የጥራት ምልክት ሆነ። ዛሬ አረፋ የሌለው ኤስፕሬሶ ቢቀርብልን መልሰን እንሰጣለን። አየህ አንባቢ፣ አንድ ትውልድ ሳያልፍ ነውሩ ክብር ሆነ።

፬. ፖምፓው ሲመጣ

የሞላው ማሽን ግን የክንድ ሥራ ነበር። ቀኑን ሙሉ ማንሻ መሳብ ቀላል አይደለም፤ በድንገት ካመለጠ ደግሞ አገጭ ይመታል። ጣዕሙም በባሪስታው እጅ ላይ የተንጠለጠለ ነው። በ1961 የኤርኔስቶ ቫሌንቴ ኩባንያ ፋኤማ፣ ኤ-61 የተባለውን ማሽን አወጣ። ስሙ በዚያ ዓመት በየካቲት ወር በጣሊያን ላይ የታየውን ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ የሚያስታውስ ነው። በዚህ ማሽን ክንድንና ሞላን በኤሌክትሪክ ፖምፓ ተኩት። ፖምፓው ቀዝቃዛውን ውሃ በ9 ባር ይገፋል፤ ውሃው በቦይለሩ ውስጥ በተዘረጋ ቧንቧ ሲያልፍ ይሞቃል፤ ማጣሪያው የሚገጠምበት ከባድ የናስ ራስ ደግሞ ሙቅ ውሃ በውስጡ እየዞረ ትኩሳቱን ይጠብቅለታል። ውሃው በሙሉ ኃይሉ ከመምጣቱ በፊትም ቡናውን ለጥቂት ሰከንድ ያርሰዋል። ማሽኑ ቁመቱን ትቶ በአግድሙ ተኛ፤ ባሪስታውና ደንበኛው ፊት ለፊት መተያየት ቻሉ።

ይህ ለውጥ ጣዕሙንም ነካው። የሞላ ግፊት መጀመሪያ ላይ ከፍ ይልና ሞላው እየተዘረጋ ሲሄድ ይላላል፤ ስለዚህ መራራው የሚወጣበት የመጨረሻው ሰዓት በረጋ ግፊት ያልፋል። የፖምፓ ግፊት ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ዓይነት ነው። የመቶኛውን ሲኒ ከመጀመሪያው ጋር እኩል ያደርገዋል፤ ለዚህ እኩልነት ግን ጥቂት ለስላሳነት ይከፍላል የሚሉ አሉ። የዛሬዎቹ ውድ ማሽኖች በኤሌክትሮኒክስ ግፊቱን ከፍና ዝቅ ሲያደርጉ የጋጂያን ሞላ መኮረጃቸው ነው። ከስድሳ ዓመት በኋላ ወደ ሞላ መመለስ!

እዚህ ላይ ለእኛ የቀረበ አንድ ነገር ልጥቀስ። ከላይ የተጠቀምኩባቸውን ቃላት ልብ በሉ፤ ፒስቶን፣ ሞላ፣ ፖምፓ። ጋራዥ ውስጥ ያለ ማንኛውም መካኒክ የሚያውቃቸው የአማርኛ ቃላት ናቸው፤ ሁሉም ግን ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ማኪያቶም እንዲሁ፤ በጣሊያንኛ "ነቁጥ ያለበት" ማለት ሲሆን፣ በጥቁሩ ቡና ላይ ጠብ የምትለዋን ወተት ለመግለጽ ነው። የአዲስ አበባ ማኪያቶ ግን ከነቁጥ አልፎ ወተቱ ወፈር ይላል። ስሙን ተቀበልን፣ መጠኑን ለራሳችን ወሰንን። ይህን ነጥብ እንያዘው፤ ኋላ እንመለስበታለን።

፭. በ25 ሰከንድ ውስጥ አቦል፣ ቶና፣ በረካ

እስከ አሁን የማሽኑን ታሪክ አየን። ማሽኑ ከቡናው ውስጥ የሚያወጣው ግን ምንድን ነው? ይህን ለመረዳት ከረከቦት የተሻለ አስተማሪ የለም።

በጀበና አንዱን ዱቄት ሦስት ጊዜ እናፈላዋለን። አቦሉ ወፍራምና ኃይለኛ ነው፤ ቶናው ለዘብ ያለ፤ በረካው ደግሞ ቀጭን። ቡናው በአንድ ጊዜ ሁሉን ነገር አይሰጥም፤ በተራ በተራ ነው የሚሰጠው። በማሽኑም ያው ሕግ ይሠራል፤ ልዩነቱ አንድ ሰዓት የሚፈጀው ነገር በ25 ሰከንድ ውስጥ ማለቁ ነው። መጀመሪያ የሚወርደው ጠብታ ጠቆር ያለ፣ ወፍራም፣ በምላስ ላይ ኮምጠጥና ጨው ጨው የሚል ነው፤ አሲዱ ቶሎ የሚሟሟ ነገር ነውና። ቀጥሎ ጣፋጭነቱና መዓዛው ይመጣል። በመጨረሻ ቀለሙ እየነጣ ሲሄድ የሚወርደው ቀጭንና መራራ ነው። ጥሩ ኤስፕሬሶ የሦስቱ ሚዛን ነው። ቶሎ ከተቋረጠ ኮምጣጣ ይሆናል፤ ከዘገየ መራራ።

ሚዛኑን የሚወስኑት ጥቂት ነገሮች ናቸው። አፈጫጨቱ አንዱ ነው፤ ሻካራ ከሆነ ውሃው እየሮጠ ያልፍና ቀጭን ጎምዛዛ ቡና ይሰጣል፤ ከልክ በላይ ከላመ ውሃው ይታገዳል፣ ቡናው ይመራል። ትኩሳቱ ሌላው ነው፤ ዝቅ ሲል ጎምዛዛነቱ ያይላል፣ ከፍ ሲል ምሬቱ። አቆላሉም አለ፤ ለዘብ ያለ አቆላል የፍሬውን አሲድና የአበባ ሽታ ያስቀራል፣ የጠቆረ አቆላል ያጠፋዋል፣ በምትኩ ምሬትና የጭስ ጣዕም ያመጣል። ቡናው ከተቆላ ብዙ ከቆየ ጋዙ ይወጣል፤ አረፋም አይኖርም። ደግሞ ዱቄቱ ማጣሪያው ውስጥ እኩል ካልተጠቀጠቀ ውሃው በቀላሉ የሚያልፍበትን ስንጥቅ ይፈልጋል። በዚያ ሲያልፍ አንዱን ጥግ ከልክ በላይ ያጥባል፣ ሌላውን ሳይነካ ይተወዋል። በአንድ ሲኒ ውስጥ ኮምጣጣም መራራም የሚሆነው ይህን ጊዜ ነው።

በጣም ማላም ሁልጊዜ ይጠቅማል የሚለው እምነት እንኳ በቅርቡ ተፈትኗል። በ2020 የኦሪገን ዩኒቨርሲቲው ክሪስቶፈር ሄንደንና ባልደረቦቹ ባወጡት ጥናት ቡናው ከልክ በላይ ሲልም ውሃው እኩል ስለማያልፍ ጣዕሙ ከሲኒ ሲኒ እንደሚለያይ፣ ጥቂት ሻከር አድርጎና መጠኑንም ቀንሶ መሥራት ግን ጣዕሙን እንደሚያስተካክልና ቡናም እንደሚቆጥብ አሳዩ። የመቶ ዓመት ልማድ በሒሳብ ተመረመረ፤ ሙሉ በሙሉም ትክክል ሆኖ አልተገኘም።

፮. ሕጉን ማን አወጣው?

በ1998 በጣሊያን የተቋቋመው ብሔራዊ የኤስፕሬሶ ተቋም እውነተኛ የጣሊያን ኤስፕሬሶ ምን እንደሆነ በቁጥር ደነገገ፤ 7 ግራም ቡና፣ 88 ዲግሪ ትኩሳት፣ 9 ባር ግፊት፣ 25 ሰከንድ፣ 25 ሚሊ ሊትር። ጥቂት ወጣ ገባ ይፈቀዳል፤ መሠረቱ ግን ይህ ነው። ቁጥሮቹ ከሰማይ የወረዱ ይመስላሉ። ከላይ ያየነው ታሪክ ግን ከየት እንደመጡ ይነግረናል፤ ከሞላ ጥንካሬ፣ ከፒስቶን ስፋት፣ ከፖምፓ አቅም፣ ቆሞ ጠጥቶ ወደ ሥራው ከሚሮጥ ደንበኛ።

ሌላም ምንጭ አለ። በጣሊያን ለረጅም ዘመን ቆሞ የሚጠጣ ሲኒ ቡና ዋጋው ዝቅ ብሎ እንዲቆይ ይደረግ ነበር፤ ዛሬም ከተቀመጠ ሰው ይልቅ የቆመ ሰው በብዙ ቦታ ያነሰ ይከፍላል። ዋጋው ካልጨመረ ቡናው ውድ ሊሆን አይችልም። ስለዚህ ቆዪዎቹ የብራዚልን ቡና ከሮቡስታ ጋር መቀላቀልን መረጡ። ሮቡስታ ርካሽ ነው፤ ካፌይኑ የአረቢካን እጥፍ ያህላል፤ ጣዕሙ ሻካራና መራራ ነው፤ አረፋው ግን ወፍራም ነው። ሻካራነቱን ለመሸፈን አቆላሉ ይጠቁራል፣ በተለይ ወደ ደቡብ ጣሊያን ሲወረድ። ስኳር ይጨመርበታል። የማሽኑ ቁጥሮች ከእንዲህ ያለ ቡና ጋር ተስማምተው ያደጉ ናቸው።

አሁን ነገሩ ወደ እኛ ይመጣል። የእኛ ቡና አረቢካ ነው። የታጠበው ይርጋጨፌ ለምሳሌ የአበባና የሎሚ ሽታ ያለው፣ አሲዱ ብሩህ የሆነ ቡና ነው። ይህ ቡና ለዘብ ብሎ ተቆልቶ በዚያ ለብራዚልና ለሮቡስታ ቅልቅል በተቆረጠ ልክ ከማሽን ቢወርድ ኮምጣጣ ይሆናል። ያኔ ሁለት ፍርድ ይሰጣል። አንዱ "ይህ ቡና ለኤስፕሬሶ አይሆንም" ይላል። ሌላው መፍትሔ ብሎ ቡናውን እስኪጠቁር ይቆላዋል፤ ያን ጊዜ ይርጋጨፌነቱ ይቀርና ስም ብቻ ይሆናል። በሁለቱም ፍርድ የሚከሰሰው ፍሬው ነው። ማሽኑን የሚጠይቅ የለም።

መጠየቅ ግን ይቻላል። ትኩሳቱን ጥቂት ከፍ ማድረግ፣ ውሃውን በርከት አድርጎ ሲኒውን ማስረዘም፣ ግፊቱን ማለዘብ፣ አፈጫጨቱን መለወጥ ይቻላል። በብዙ አገር ለዘብ ያለ አቆላል የሚወዱ ባሪስታዎች ዛሬ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ 7 ግራሙንና 25 ሚሊ ሊትሩን ትተው ለየፍሬው የየራሱን ልክ ይፈልጋሉ። ይህ በጣሊያኖች ላይ ማመፅ አይደለም። ሞሪዮንዶ የጅምላውን ሠራ፣ ቤዜራ ለአንድ ሲኒ ለወጠው፤ ጋጂያ እንፋሎቱን ጣለ፣ ቫሌንቴ ሞላውን ጣለ። እነሱ ራሳቸው የቀደመውን ሕግ ያከበሩ ሰዎች አልነበሩም።

ጀበናን በተመለከተም ፍርዳችን ሊስተካከል ይገባል። ጀበና ኋላ ቀር ኤስፕሬሶ አይደለም፤ ኤስፕሬሶም የሠለጠነ ጀበና አይደለም። ጀበና ያለ ግፊት፣ በረጅም ጊዜና በከፍተኛ ትኩሳት የሚሠራ ዘዴ ነው። አረፋና ውፍረት አይሰጥም፤ መፍላቱም ከመዓዛው ጥቂቱን ወደ አየር ይሰደዋል፣ ከበዛም ያመርረዋል። ሆኖም አንዱን ቡና በሦስት መልኩ ያሳየናል። ኤስፕሬሶ ይህን ጊዜ የለውም፤ ሲፈጠርም ጊዜ ላለመውሰድ ነው የተፈጠረው። የጀበናው ባለቤት ጎረቤት እስኪሰበሰብ የሚጠብቅ ሰው ነበር፤ የማሽኑ ባለቤት የሚላኖ ሠራተኛ ባቡር እንዳያመልጠው የሚሮጥ ነበር። ሁለቱም ቡና የሠራቸውን ሕይወት ይመስላል።

እንግዲህ ጓደኞቼ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ካፌ ስትገቡ አንድ ሙከራ እንድታደርጉ ልጋብዛችሁ። ሰዓቱ ካልተጨናነቀና ባሪስታው ፈቃደኛ ከሆነ አንዱን ኤስፕሬሶ በሦስት ሲኒ ተከፋፍሎ እንዲወርድ ጠይቁት፤ የመጀመሪያው ሲሶ በአንዱ፣ መሐሉ በሌላው፣ የመጨረሻው በሦስተኛው። በየተራ ቅመሷቸው። አቦል፣ ቶናና በረካ በማሽን ቤት ተሰልፈው ታገኟቸዋላችሁ። ከዚያም "ይህ ቡና መራራ ነው" ከማለታችሁ በፊት ማሽኑን የያዘውን ሰው ሁለት ነገር ጠይቁት፤ ስንት ሰከንድ አወረድከው? ልኩንስ ማን ሰጠህ? ለመጀመሪያው ጥያቄ ሰዓቱን ያያል። ለሁለተኛው "እንዲህ ነው የተማርነው" ካለ፣ ከላይ የተጻፈውን ታሪክ ማውራት መጀመር ትችላላችሁ። ማኪያቶን በልካችን ያደረግን ሰዎች የገዛ ቡናችንን ልክ ለመወሰን የምንቸገርበት ምክንያት አይታየኝም።